የአባባ በለጠ ቋጠሮ

ግንቦት 4፣ ሰኞ። ጠዋት 4፡20

«ቲቸር ጨረስኩ!» ለዛሬ አሥራ ሦስተኛው። ገና እረፍት እንኳን አልወጣንም።

ደብተሬ፣ ይህን የምጽፍልሽ ሽንት ቤቱ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው። አንዱ ውስጥ ነው። ሁለቱ ተራ ይጠብቃሉ። አንዷ ለምን እንደመጣች ረስታ ጉንዳን ታያለች። ሁሉም ሲጨርሱ ይጣራሉ፣ እኔ ገብቼ እጠርጋለሁ። መጣራቱን ማን እንዳስተማራቸው አላውቅም። መጥረጉን ግን ማንም አላስተማራቸውም።

አርባ አንድ ልጅ። አንድ እኔ። አንድ እትዬ ከድጃ፣ ረዳቴ። ከጥር ጀምሮ በየጠዋቱ ግማሽ ሰዓት «ራስን የመቻል ሰዓት» ብዬ ይዣለሁ፤ ጫማ ማድረግ፣ ቁልፍ መቆለፍ፣ መናፈጥ፣ እጅ መታጠብ። አራት ወር ሆነ። ውጤቱን እያየሽ ነው።

የዛሬው ግን ሌላ ነው። ጥሩወርቅ። ስድስት ዓመቷ፤ በናሆምና በሶልያና መሀል የአያቶች ዘመን ስም ይዛ የመጣች ብቸኛዋ ልጅ። ፊደል ጨርሳ ቃል ታነባለች። ሽንቷ ሲመጣ ትናገራለች፣ ትሮጣለች፣ ትደርሳለች። ከዚያ ሱሪዋ አይወርድም። ወገቧ ላይ በተሸነሸነ ጨርቅ ታስሯል። ቋጠሮው ሽምብራ ቢያህል ነው፣ ግን ድንጋይ ነው። በጥፍሬ ሞከርኩ። በጥርሴ ሞከርኩ (አዎ፣ በጥርሴ)። ሳልጨርስ ሞቅ ያለ ነገር እጄ ላይ ወረደ።

አላለቀሰችም። ይቅርታ ቲቸር አለችኝ። እሷ ምን አጠፋች?

ግንቦት 5፣ ማክሰኞ። 6፡40

አያትየውን ያዝኳቸው። አባባ በለጠ ይባላሉ። ጥሩወርቅን (ጥ. ልበላት) የሚያሳድጓት ብቻቸውን ነው፤ ቤታቸው ከአስፋልቱ ማዶ። ጠዋት አዝለዋት ይመጣሉ፣ ስድስት ሰዓት ላይ አዝለዋት ይመለሳሉ። የስድስት ዓመት ልጅ! እግሯ እሳቸው ጉልበት ድረስ ተንጠልጥሎ።

ሥራቸው ጭነት ማሰር ነበር። ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ላይ ወጥተው ሸራ ወጥረው ገመድ የሚያስሩት እሳቸው። እሳቸው ያሰሩት ጭነት ጣርማ በርን ወጥቶ አዲስ አበባ እስኪገባ አንድ ጆንያ ፈቀቅ አይልም፤ ሮቢት ውስጥ የማይመሰክር የለም። እኔም ልመስክር። አይፈታም።

በትሕትና አስረዳኋቸው። ልጅቷ እየደረሰች በቋጠሮው ምክንያት ሽንቷ ልብሷ ላይ እንደሚያመልጣት፣ ልጆች እንደሚስቁባት። አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ስጨርስ በጥርሴም ሞክሬ እንደሆነ ጠይቀው ሳቁ። ደስ አላቸው! የሙያቸውን ምስክርነት የሰጠኋቸው ነው የመሰላቸው። መርቀውኝ፣ ልጃቸውን አዝለው ሄዱ።

ግንቦት 8፣ ዓርብ

ጎረቤቴ የልጇን ሱሪ ሰጠችኝ። ወገቡ ላስቲክ ነው፤ ሕፃን በአንድ እጁ ዝቅ ያደርገዋል። ትናንት ለአባባ በለጠ አስረክቤ ነበር። ዛሬ ጥ. ለብሳው መጣች። እሰይ አልኩ። ሸሚዟን ከፍ አደረግሁ።

ከላስቲኩ በላይ አስረውታል። በዚያው ጨርቅ። በዚያው ቋጠሮ።

መጮህ አማረኝ። እ/ከድጃ ግድግዳ ተደግፈው እስኪያነቡ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ሰው እንዴት ላስቲክ አያምንም?

ማታ ከደብረ ሲና የእናቴ መልእክት፤ በነገው አውቶቡስ ሽሮና በርበሬ ልካለች፣ ሄጄ እንድቀበል። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሽሮ ሮቢትም አለ። ነገርኳት፤ አልሰማችም።

ግንቦት 11፣ ሰኞ። 8፡00

ር/መምህሩ ጠሩኝ። ለአንደኛ ክፍል የሚያልፉ ልጆች ቅጽ ሰጡኝ። «ራሱን ችሎ ይመገባል፣ ይለብሳል፣ ይጸዳዳል።» ፊት ለፊቱ ሦስት ሳጥን፦ ይችላል፣ በእገዛ፣ አይችልም። እስከ ሰኔ መጨረሻ ተሞልቶ ይመለስ። አንደኛ ክፍል ረዳት የለም፣ ሽንት ቤቱ ከሜዳው ማዶ ነው፣ አንድ አስተማሪ ለሰባ ልጅ። ስለዚህ መጸዳዳት ላይ «በእገዛ» ወይም «አይችልም» የተባለ ልጅ ከእኔ ጋር ይደግማል።

የጥ.ን ነገር ነገርኳቸው። አዘኑ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አሉኝ። እንቁላሉ እስከ ሰኔ መጨረሻ ነው ያለው፣ ር/መ! (አላልኩም። እዚህ ነው የምለው።)

ቃል የምታነብ ልጅ፣ በአንዲት የሽምብራ ፍሬ ምክንያት፣ ከአራት ዓመት ሕፃናት ጋር ዓመት ልትደግም ነው። እሷ ስትችል። እጇ እየቻለ።

ግንቦት 14፣ ሐሙስ። ጠዋት 3፡45

የጫማ ቀን። ሁሉም አውልቁ አልኩ። ሰማንያ ሁለት ጫማ መሀል ወለል ላይ። አሁን አድርጉ አልኩ። ደብተሬ፣ ጥፋቴ ነው፤ በየእግራቸው ሥር አስቀምጡ ማለት ነበረብኝ። ግማሹ ያለቅሳል፣ ግማሹ የሌላውን አድርጎ እየሮጠ ነው። ሶልያና ሁለቱንም ግራ አድርጋ ሰልፍ ያዘች።

ዘወር ስል እ/ከድጃ ተንበርክከው ለአሥራ አምስቱ አድርገውላቸዋል። እሳቸው ላይ ጮህኩ። እናቴ የሚሆኑ ሴት ላይ፣ ልጆች ፊት። ተዪ እንጂ ልጄ፣ ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም አሉኝ። እኔ ለእራት አይደለም የማስቦካው፣ እንዲያቦኩ ነው አልኩ። አኮረፉ።

ምሳ ዕቃ ሲከፈትም ያው ነው። እጃቸውን ታጥበው ራሳቸው ይብሉ ብያለሁ። እ/ከድጃ ግን በየተራ እያጎረሱ ያልፋሉ፤ ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ፣ የወፍ ጫጩት ሁሉ። ጉርሻ ፍቅር ነው ይሉኛል። ፍቅር መሆኑን መቼ ካድኩ? አርባ አንድ አፍ ግን መስከረም ላይ ማን ሊያጎርሰው ነው?

ጥ. ዛሬም እርጥብ።

ግንቦት 18፣ ሰኞ። ጠዋት 4፡05

ቆረጥኩት። በመቀስ።

ምን ላድርግ? ጥ. እግሯን አጣምራ እየዘለለች፣ ሁለት ልጆች አፍንጫቸውን ይዘው ልትሸት ነው እያሉ፣ ቋጠሮው እምቢ አለ። የወረቀት መቀሱን አነሳሁ። ቀጭ። ሱሪው ወረደ፣ ደረሰች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ደርቃ ወጣች። አጨበጨብንላት። ጭብጨባውን ያስጀመርኩት እኔ ነኝ።

6፡50

አባባ በለጠ መጡ። ቁራጩን ጨርቅ በፌስታል አድርጌ ሰጠኋቸው፤ እየሳቅሁ፣ ቋጠሮዎ ዛሬ ተሸነፈ ብዬ። አልሳቁም። ሁለቱን ቁራጭ አውጥተው ጫፍ ለጫፍ ገጠሙት፣ ሊቀጥሉት እንደሚችሉ ሁሉ። ከዚያ በደረት ኪሳቸው ከተቱት፣ ልጅቷን አዘሉ፣ ሄዱ።

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ግንቦት 21፣ ሐሙስ

ሦስተኛ ቀን። ጥ. አልመጣችም። ወንበሯ ባዶ ነው። ሶልያና ቦርሳዋን እዚያ ላይ ማስቀመጥ ጀምራለች፤ አንሺ አልኳት፣ በማይገባ ቁጣ።

እ/ከድጃ ኩርፊያቸውን ትተው ለመጀመሪያ ጊዜ አናገሩኝ። ሰው ያሰረውን ሰውዬውን ሳይጠይቁ አይቆርጡም አሉ። ይህን ብቻ። አባባሰብኝም፣ አስታረቀንም።

ግንቦት 22፣ ዓርብ። ከቀኑ 11፡00

ቤታቸው ሄድኩ። ከአስፋልቱ ማዶ፣ ከመኪና ማቆሚያው ጀርባ፣ አንድ ክፍል። ውስጡ ያልታሰረ ነገር የለም። የጀሪካኑ ክዳን ታስሯል። አጎበሩ ከአልጋው እግር ጋር ታስሯል። በሩ ቁልፍ አለው፣ ከቁልፉ ሌላ ደግሞ ማታ ማታ ከውስጥ በገመድ ይጠፈራል። ጥ. ወለል ላይ ተቀምጣ የጋዜጣ ቁራጭ እያነበበች ነበር። አየችኝና ሮጣ መጥታ ወገቤን አቀፈችኝ። ወገቧ በአዲስ ጨርቅ ታስሯል።

ይቅርታ አልኳቸው። ቁጭ በይ ብለው ነገሩኝ። የጥ. እናት የእሳቸው ልጅ ነበረች፤ አጣዬ አብረው ነበር የሚኖሩት። ከተማዋ በተቃጠለች ጊዜ መቀነቷን ፈትታ ልጅቷን እሳቸው ጀርባ ላይ ያሰረችው እሷ ናት፤ ቅደሙ እደርስባችኋለሁ ብላ። አልደረሰችም። እስከ ዛሬ አልደረሰችም። እሳቸው ከሰው ጋር ሲጎርፉ፣ ጀውሃ ሳይደርሱ፣ ቋጠሮው ላላ። ሕፃኗ ተንሸራታ ወደቀች፤ በዚያ ጫጫታ አልተሰማቸውም። ጀርባቸው እንደቀለላቸው ያወቁት ብዙ ከሄዱ በኋላ ነው። የማያውቋት ሴት ናት ከሰው እግር ሥር አንስታ ያመጣችላቸው። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ሽንኩርት እንዳይወድቅ ሲያስሩ ኖረው፣ የልጃቸውን ልጅ ጣሉ። ያሉኝ እንዲህ ብለው ነው፣ «ጣልኳት»።

ጨርቁ ያ መቀነት ነው። እየተሸነሸነ እስካሁን ደርሷል። የመጨረሻው ደህና ቁራጭ እኔ የቆረጥኩት ነበር።

አለቀስኩ። ከዚያ፣ ደብተሬ፣ ያለቀስኩበት አፌ መልሶ ተናገረ። መስከረም ላይ ያ ሽንት ቤት ውስጥ እኔም የለሁ፣ እርስዎም የሉ፤ እሷና ቋጠሮው ብቻ ናቸው አልኩ። ወይም ካልሆነ እኔ ጋ ቀርታ ከሕፃናት ጋር ትደግማለች። የቱን ይመርጣሉ? ለሽማግሌ የሚነገር ነው? ግን እውነት ነው። መሬት መሬት አዩ። መጥተው ልጆቹን ማሰርና መፍታት እንዲያስተምሩልኝ ለመንኳቸው። እግዜር ያውቃል አሉ። በእኛ አገር ይህ እምቢታ ነው።

ግንቦት 27፣ ረቡዕ። ከቀኑ 7፡30

መጡ!

ሰኞ ጥ.ን ይዘው መጥተው ሲመልሷት ምንም አላሉኝም ነበር። ዛሬ ግን ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ጆንያ ተሸክመው በሩ ላይ ቆሙ። ውስጡ ገመድ። አርባ አንድ ቁራጭ፣ የእያንዳንዱ ጫፍ እንዳይተረተር በእሳት ተለብልቦ። ማን ስንት ልጅ እንዳለኝ ነገራቸው? ጥ. ቆጥራ።

ሁለት ቋጠሮ አሳዩ። አንደኛው የማይለቀው ነው፤ የማውቀው፣ ጥርሴ የሚያውቀው። ሁለተኛው የጭነት ነው፤ ድንጋይ አድርጎ ይይዛል፣ ቦታው ሲደርስ አንዱን ጫፍ ሲስቡት ግን በአንዴ ይለቃል። ደሜ ፈላ። ይህን እያወቁ ልጅቷን ለምን በዚያኛው እንዳሰሩ ጠየቅሁ።

«ጭነት ደርሶ ይራገፋል» አሉኝ። «ልጅ ይራገፋል እንዴ?»

ልጆቹን እንደዚያ ዝም ብለው ያየሁበት ቀን የለም። አባባ በለጠ መሬት ተቀምጠው በየተራ ያሳያሉ። የጠበቀ ቋጠሮ ስትፈቱ አትሳቡት አሉ፤ የሳቡት ሁሉ ይጠብቃል። ጫፉን ያዙና ወደ መጣበት መልሳችሁ ግፉት፣ ቀስ እያላችሁ፣ እስኪላላ። እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስስብ ነበር!

በሃያ ደቂቃ ውስጥ ጠረጴዛው፣ መጥረጊያው፣ የመስኮቱ ፍርግርግ ታሰረ። ናሆም የእ/ከድጃን የሻሽ ጫፍ ከወንበር ጋር አስሮ ሲነሱ ወንበሩ ተከተላቸው። አባባ በለጠ ያ ሲሆን ሳቁ፣ ጥርስ በሌለው ድዳቸው። ሲስቁ ጥ.ን ይመስላሉ።

ጥ. ከሁሉም በላይ አሰረች። ሁለቱንም ዓይነት። መፍታት ሲመጣ ግን ገመዷን ይዛ አያቷ ጋ ሄደች። አባባ ነው የሚፈታው አለች፣ የታወቀ ሕግ አድርጋ። እሳቸውም እጃቸውን ዘረጉ። እሷ ትፍታው! ብዬ ጮህኩ። ቲቸር ለምን ተቆጣች? አለ አንዱ።

እውነት ለምን? አንድ እርምጃ ሲቀራት ስለሆነ ነው።

ግንቦት 29፣ ዓርብ። አረፋ

ት/ቤት ዝግ። እ/ከድጃ ቤት ተጠራሁ። ለእኔ ሲባል በሌላ ድስት ሽሮ ተሠርቶ ጠበቀኝ። እጄን ታጥቤ ልጀምር ስል አጎረሱኝ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ልጆቻቸው እያዩ። አፌን ከፍቼ ጠበቅሁ። ደስ ብሎኛል ማለት ይከብደኛል፣ ግን ደስ ብሎኛል።

ሰኔ 2፣ ሰኞ

ትንሽ ለውጥ። አባባ በለጠ አሁንም የማይለቀውን ነው የሚያስሩት፣ ጫፉን ግን አስረዝመው ተዉላት። ለመያዝ እንዲመቻት። ተደራደርን ማለት ነው።

ሽንት ቤቱ በር ላይ ጥ. ትገፋለች። እኔ እጄን ከጭኔ ሥር ከትቼ ድንጋዩ ላይ ተቀምጫለሁ፣ እንዳልረዳት። ላላ። ትንሽ ላላ። ከዚያ ቸኮለችና ሳበችው። ጠበቀ። እርጥብ።

ግፊ አላልኩሽም? ብዬ ጮህኩባት። የስድስት ዓመት ልጅ ላይ፣ እርጥብ ሱሪ ለብሳ ስትቆም። ራሴን ጠላሁት። ደግሞም ደከመኝ። ሙቀቱ፣ ዝንቡ፣ አርባው ሌላ ልጅ። ይህን ሥራ የሚያከብር አንድ ሰው አሳዪኝ፤ ልጅ ትጠብቃለች ነው የሚሉኝ።

ሰኔ 4። ደረቅ!!

ሰኔ 5። እርጥብ።

ሰኔ 6። ደረቅ። ግን መልሳ ማሰር ረስታ ሱሪዋን በእጇ ጨብጣ ሰልፍ ላይ ቆመች። ባንዲራ ሲሰቀል እጃችሁን ዝቅ ሲባል... ተይው።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ። ከቀኑ 9፡00

ከመጀመሪያው ልጻፍልሽ።

ጠዋት 1፡10። የግቢው በር ገና አልተከፈተም። ጥ. በሩ ላይ ቆማለች። ብቻዋን። የቀኙ ጫማ ግራ እግሯ ላይ። አባባ አይነሳም አለችኝ፤ ይንቀጠቀጣል፣ ከእማዬ ጋር ያወራል።

ደብተሬ፣ በመጀመሪያ ከአፌ የወጣው ስለ እሳቸው አልነበረም። አስፋልቱን ከማን ጋር ተሻገርሽ? ነው ያልኩት። ብቻዬን አለች። ከደሴ የሚወርደው ተሳቢ፣ ባጃጁ፣ ሌሊቱን ሲነዳ ያደረው ሁሉ የሚከንፍበት ሰዓት! እጇን ይዤ ሮጥኩ። መንገዱን ስንሻገር እንዴት እንደጨመደድኳት አላወቅኩም፣ ቲቸር አመመኝ እስክትለኝ። ስለቃት የጣቶቼ ምልክት አንጓዋ ላይ ነበር። ራሳችሁን ቻሉ እያልኩ ዓመቱን ሙሉ የለፈለፍኩት እኔ፣ ያን ጊዜ ገመድ ቢኖረኝ ከወገቤ ጋር አስራት ነበር። በየትኛው ቋጠሮ እንደሆነም አውቃለሁ።

አባባ በለጠ ትኩሳት ሲያቃጥላቸው አገኘሁ። አላወቁኝም። ከመኪና ማቆሚያው ሁለት ሰው ጠርቼ፣ በባጃጅ ጤና ጣቢያ። ወባ ነው። ጭንቅላታቸው ላይ ሊወጣ ነበር አለች ነርሷ፤ እስከ ረፋድ ቢቆዩ እንጃ አለች።

አሁን ጉሉኮስ ተሰክቶላቸው ተኝተዋል። ቁጭ ብዬ ሳስብ ነው በሩ ትዝ ያለኝ። ማታ ከውስጥ በገመድ የሚጠፈረው። ስንገባ ገመዱ ወለሉ ላይ ነበር። አልተቆረጠም። ሙሉ ነው።

ጥ.ን ጠየቅኳት። የማይለቀው ነበር አለች። አባባን ቀሰቀስኩት፣ አልፈታልኝም። ጮህኩ፣ ሰው አልመጣም። ከዚያ ጫፉን ይዤ ገፋሁት። ብዙ ጊዜ ፈጀብሽ? አልኳት። ጨለማ ሆኖ ጀመርኩ፣ ሲያልቅ ነግቶ ነበር አለች። አለቀስሽ? መጀመሪያ ፈታሁት፣ ከዚያ አለቀስኩ።

ሳትስበው። ሳትቸኩል። ባለፈው ሳምንት ሰኞ የጮህኩባት ልጅ።

ሰኔ 13፣ ዓርብ። 5፡30

ዛሬ ወጡ። ሦስቱን ቀን ጥ. እኔ ጋ ነው ያደረችው። የእናቴን ሽሮ በላን፤ ጥሩ ጊዜ ነበር የላከችው። (ነገርኳት። አላልኩሽም? አለች።)

አባባ በለጠ ነቅተው ሲሰሙ አላመኑም። በሩን ሰብረው ነው የገቡት አሉ። ያንን ቋጠሮ ትልልቅ ሹፌሮች አይፈቱትም አሉ። ሲያምኑ ደግሞ ተቆጡ፤ አስፋልት ብቻዋን መሻገሯን። እኔም አብሬ ተቆጣሁ። በር በገመድ የሚያስር ማን ነው ብዬ እሳቸውንም ተቆጣሁ። ነርሷ ሦስታችንንም ዝም በሉ አለች።

ልንወጣ ስንል ጫማቸውን ለማሰር ጎንበስ ማለት አቃታቸው። እኔ ልነሳ ስል ጥ. ቀደመችኝ፤ ሲሚንቶው ላይ ተንበረከከች። ምላሷን በጥርሷ ይዛ፣ ቀኙን አሰረች፣ ግራውን አሰረች። አየሁት። የማይለቀውን ነው ያሰረችው። ሁለቱንም።

እሳቸውም አዩት። «አጠበቅሽው እኮ» አሏት።

«እንዳትወድቅ ነው» አለች።

አላዘሏትም፣ አቅሙ የላቸውም። እጅ ለእጅ ተያይዘው አስፋልቱን ተሻገሩ፤ እሷ ግራና ቀኝ እያየች፣ እሳቸው እሷን እያዩ።

ሰኔ 19፣ ሐሙስ። ጠዋት 4፡20

ቅጹን ሞልቼ ለር/መ አስረከብኩ። ጥሩወርቅ፤ ይመገባል፣ ትችላለች። ይለብሳል፣ ትችላለች (ጫማ ግራና ቀኝ ላይ ዓይኔን ጨፈንኩ)። ይጸዳዳል፣ ትችላለች። አስምሬበታለሁ። መስከረም ላይ አንደኛ ክፍል ትገባለች።

ከሰኞ ጀምሮ ወገቧ ላይ ያለው የጭነቱ ቋጠሮ ነው። ማን እንዳሰረው አልጠየቅሁም።

አሁን ድንጋዬ ላይ ነኝ። ጥ. ቅድም ገባች። ጫፉን አንዴ ሳበች፣ በሩን ዘጋች። እኔ ጆሮዬን ተክዬ ጠበቅሁ። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ። ልማድ ነው። ወጣች። ከጀሪካኑ እጇን ታጠበች፣ ልብሷ ላይ አደረቀችው (ፎጣ አለ ብያለሁ!)፣ በፊቴ አልፋ ወደ ክፍል ሄደች። አልጠራችኝም። ዞራም አላየችኝ።

ዓመቱን ሙሉ ስለምነው የነበረ ነገር ይሄው ነው። ታዲያ ለምን ሆዴ ባባ?

«ቲቸር ጨረስኩ!» ናሆም ነው። ዛሬ አልነሳም። ራሱ ይሞክር። ደግሞ ጮኸ። አልነሳም አልኩ! ይኸው እጄን ከጭኔ ሥር ልከት ነው፣ ስለዚህ መጻፉ እዚህ ላ